«ይበራል ወይ?» ማለት ይቅር

የሽቦ፣ የቆርቆሮ ወይም የካርቶን መኪና ሠርቶ ሰው ፊት ያቀረበ ልጅ ከአጣዬ እስከ አዲስ አበባ የሚጠብቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መብራቱ ይበራል?» ይበራል ካለ ስልክ ከኪስ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ልጁ በአንድ ጊዜ «የፈጠራ ባለቤት» ይሆናል። አይበራም ካለ «ጎበዝ ማሙሽ፣ በርታ» ተብሎ ይታለፋል። በየትምህርት ቤቱ የፈጠራ ሥራ ትርኢት ላይ የሚቀመጡ ዳኞችም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ጋቢናው ተንጋዶ፣ ስፖንዳው ተጣሞ፣ አራቱ ጎማ አራት ዓይነት ሆኖ ሳለ ፊቱ ላይ ሁለት ነጭ ብርሃን ቦግ ካለ ጭብጨባው ይቀልጣል።

ፍርዱ ስህተት ነው። ለልጆቹ ካለን ፍቅር የመጣ በመሆኑ ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ፣ የሞዴል መኪና ሥራችንን ከዕቃ እጦት የበለጠ የጎዳው ይኸው ጥያቄ ይመስለኛል። የሞዴል መኪና የፊት መብራት እውነተኛ መምሰል አለመምሰሉ የሚለየው ጠፍቶ ሳለ ነው። ጠፍቶ መብራት ያልመሰለ ነገር ቢያበሩትም መብራት አይሆንም፤ ብርሃን የሚወጣበት ቀዳዳ ነው።

የሌላውን ወገን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ፤ ተራ ሐሳብ አይደለምና። መብራት የተሠራው ለማብራት ነው ይላሉ። ጎማው ከተሽከረከረ፣ መሪው ከዞረ መብራቱ ብቻ ለምን ለይስሙላ ይቀመጣል? ደግሞም ኤሌክትሪክ ትምህርት ነው፤ ዛሬ ሁለት ሽቦ ከባትሪ ድንጋይ ጋር ያገናኘ ልጅ ነገ የቤት መስመር ይዘረጋል። ዕቃውም ቅርብ ነው፤ ጋዙ ያለቀ ላይተር ሥር ያለችው ትንሽ መብራት ከነድንጋዮቿ በነጻ የተገኘች ሲሳይ ናት። ፋብሪካ ያመረተው ጥርት ያለ መስታወትና ክሮም የተቀባ ሳህን ከየት የሚያመጣ የይፋት ልጅ አለና ነው በቅርጽ የሚፎካከረው? በዚህ ሁሉ ላይ ደስታው አለ። ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ምሽት ከአልጋ ሥር ሁለት ጨረር ይዞ ብቅ የሚል መኪና የማያስደስተው ማን ነው?

ደስታውን አልነካም። የቀረውን ግን እነካዋለሁ።

ለመሆኑ መብራት ሲበራ ምን ይታያል? አጣዬ ይህን ለመጠየቅ ጥሩ ቦታ ናት። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፤ ከደቡብ ከሸዋ ሮቢት፣ ከሰሜን ከካራቆሬና ከከሚሴ የሚመጣው ሲኖትራክ፣ አይሱዙ፣ የነዳጅ ቦቴ፣ ዶልፊን ሁሉ በነዋሪው ደጅ ያልፋል። ማታ አስፋልት ዳር የቆመ ሰው ረጅም መብራቱን ለቆ የሚመጣ መኪና ምን ዓይነት እንደሆነ ይለያል? አይለይም። የሚያየው ሁለት የሚያቃጥሉ ነጭ ነገሮችና በዙሪያቸው ጨለማ ነው። ኮፈን የለም፣ ፓራውልት የለም፣ ታርጋ የለም። አይሱዙ መሆኑን የሚያውቀው መኪናው አጠገቡ ሲደርስ ወይም ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ «ሲበራ እውነተኛ ይመስላል» የሚለን ሰው ሳያስበው የሚለን፣ «መኪናው በማይታይበት ሰዓት መኪና ይመስላል» ነው። የበራ መብራት ከሁሉ በፊት የሚሰውረው ራሱን ነው፤ ቅርጹን፣ ጥልቀቱን፣ መስታወቱን ይውጠዋል። ታዲያ ልጁ ስንት ቀን የደከመበትን ፊት የሚያጠፋ ነገር እንዲጨምርበት ለምን እንገፋፋዋለን?

ቀን ላይ ግን ሌላ ነው። በእኛ አገር ቀኑ ክረምት ከበጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ነው፤ ልጆች መኪና የሚያጠኑትም በዚያ ሰዓት ነው። ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ገብቶ ሆቴል ፊት ለፊት የቆመ ያረጀ የጭነት መኪና አለ እንበል። ወደ ፊት መብራቱ ጠጋ በሉ። ከላይ መስታወት አለ፤ መኪናው የድሮ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ሸንተረር ያለው፣ የቅርብ ከሆነ ልሙጥ። በታርማበር ጭጋግ ውስጥ ሲወርድ የረጨው ጭቃ ነጠብጣብ ሆኖ ደርቋል። ከደብረ ሲና ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ የተላተሙት ትንኝና ፌንጣ ጠርዙ ላይ ተጣብቀዋል። ከመስታወቱ ኋላ ጎድጓዳ፣ ብር የመሰለ ሳህን አለ፤ ከመሐሉ አምፖሉ ብቅ ብሏል። አሁን ራሳችሁን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። በሳህኑ ውስጥ ያለው ነጸብራቅም ይንቀሳቀሳል። ልብ ብሎ ላየ ሰው ዓለሙ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው፤ ሰማዩ ከታች፣ አስፋልቱ ከላይ፣ መሐል ላይ የራሱ ጥቁር ጥላ።

የመኪናን ፊት ሕያው የሚያስመስለው ይህ ጥልቀት ነው። ሰው መኪናን «አየኝ» የሚልበት ምክንያት ጎድጓዳነቱና ከተመልካቹ ጋር የሚዞረው ነጸብራቅ ነው እንጂ ዋቱ አይደለም። ልጁ ያን ሁሉ አይቶ ሲያበቃ ቤቱ ገብቶ የሚሠራው ግን በካርቶን ላይ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠየቀው «ይበራል ወይ» ተብሎ ነው።

ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ ወሬ ከመለኪያ ጋር ሲገናኝ ይሰክናልና። የላንድሮቨርና የድሮው ላንድክሩዘር ክብ የፊት መብራት ሰባት ኢንች፣ ማለትም 178 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ልጃችን ላንድክሩዘሩን 1 ለ20 አድርጎ ሠራው እንበል፤ ያ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንዝር ገደማ የሚሆን መኪና ነው። መብራቱ 9 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል ማለት ነው። የተለመደው ኤልኢዲ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህንን በ20 አባዙት፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አምፖል ይወጣችኋል። እውነተኛው የመኪና አምፖል ብርጭቆው ሁለት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ትንሹን፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን ብትወስዱም ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። መብራት ለማይፈልጉ ልጆች የሚመከረው የለስላሳ ቆርኪ ደግሞ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ20 ሲባዛ ስልሳ ሳንቲ ሜትር። ሰፌድ የሚያህል መብራት የገጠመ ላንድክሩዘር ማን አይቷል? ያም ሆኖ ቆርኪውን ስናይ «ትንሽ በዛ» እንላለን፤ ኤልኢዲውን ስናይ ግን እናጨበጭባለን። ቆርኪው ስለማይበራ ስህተቱ ይታያል፤ ኤልኢዲው ስለሚበራ ስህተቱ ይሸፈናል።

ቀለሙስ? ለዓመታት በመንገዶቻችን ላይ የኖረው የሃሎጅን አምፖል ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በሙያው መለኪያ 3,200 ኬልቪን አካባቢ ነው። ከላይተር የሚፈታው ርካሽ ነጭ ኤልኢዲ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው። በዚህ ብርሃን የበራ የ1970ዎቹ መኪና የሆስፒታል ኮሪደር ይሸታል። የሽቦ መኪና ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ግድግዳ የለውምና ብርሃኑ ወደፊት እንደሚወጣው ወደ ኋላም ይፈሳል፤ ሞተር ሊኖርበት የሚገባው ቦታ፣ ጋቢናው፣ መሪው ሁሉ ይበራል። የካርቶኑም ቢሆን ከውስጥ ጥቁር ካልተቀባ ፊቱ በሙሉ እንደ ፋኖስ ይግላል። እነዚህን ሁለቱን ለማስተካከል የቢጫ ከረሜላ ላስቲክና ትንሽ ጥቁር ቀለም ይበቃ ነበር። ግን ማን አዘዘው? ከበራ በኋላ ምን ቀረ ተብሎ!

«መብራት የተሠራው ለማብራት ነው» የሚለው ክርክር ሲሰሙት ጠንካራ ይመስላል፤ ሲጫኑት ግን ውሃ አይቋጥርም። መኪና የተሠራው ሰውና ዕቃ ለማጓጓዝ አይደለም እንዴ? የሽቦው አይሱዙ አንድ ኩንታል ማሾ ከአጣዬ አዲስ አበባ እንዲያደርስ የጠየቀው አለ? ናፍጣ ይጠጣ፣ ፍሬኑ ይያዝ፣ በሩ ይከፈት፣ መጥረጊያው ዝናብ ይጥረግ የሚል ዳኛ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሁሉም በመልኩ ይዳኛል፤ መብራቱ ብቻ በሥራው። ይህ ከየት የመጣ አድልዎ ነው? ሞዴል መልክ ነው። ከሽቦ የተሠራ መኪና እንዲያውም በአየር ላይ የተሣለ ሥዕል ነው፤ ልጁ አምስት ስድስት መስመር አጥፎ አይሱዙን ከሲኖትራክ ያስለየናል። ይህን ማድረግ የቻለ እጅ መብራት ላይ ሲደርስ መሣሉን ትቶ ድንጋይ እንዲገዛ ማስገደድ ምን የሚሉት ዳኝነት ነው?

የትምህርቱ ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው፤ በእሱ ላይ ልቆይ።

ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ እውነት ነው። ግን ምን እንደተማረ ልጁን ጠይቁት። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ላይተሯ ውስጥ ያሉት ሦስት ክብ ድንጋዮች ተደምረው 4.5 ቮልት ናቸው። ታዲያ ለምን አልተቃጠለም? መልሱ ትናንሽ ድንጋዮች በውስጣቸው ባለው ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ከረንት መስጠት ስለማይችሉ ነው፤ ያንኑ ኤልኢዲ ያለ ሬዚስተር ከባለ 9 ቮልት ባትሪ ጋር ቢያገናኘው ወዲያው ይሰናበታል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ካለ ሽልማቱ ይገባዋል። አብዛኛው ግን የተማረው «ሲነኩት ይበራል» የሚለውን ነው፤ ያን ደግሞ የሦስት ዓመት እህቱም ግድግዳ ላይ ካለው ማብሪያ ተምራዋለች። ከላይተር ተፈትቶ በማስቲሽ የተለጠፈ ነገር የሌላ ሰው ፈጠራ ነው፤ ልጁ ቦታውን ብቻ ነው የቀየረው።

አሁን ደግሞ የማይበራውን መብራት በትክክል ለመሥራት የሚነሳ ልጅ ምን እንደሚገጥመው እንይ። ሳህን ያስፈልገዋል። አስፋልት ዳር ካለ ጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ፈትቶ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች የብረት ኳስ ያወጣል። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ይፈልጋል (ሸዋ ሮቢት ራሷ ትምባሆ ስታበቅል የኖረች አገር ናት፤ ፓኮው አይጠፋም)። ወረቀቱን በውሃ ነክሮ ብርማውን ከነጩ ይለያል፤ በኳሷ ላይ አድርጎ በጥጥ ቀስ እያለ ይጫነዋል። ከተቻኮለ ይቀደዳል፣ ከጠነከረ ይሸበሸባል። በማንኪያ ጀርባ ቢያሸው ይወለወላል። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር አፍ ያላት ጎድጓዳ ሳህን ስትወጣለት ጥልቀቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ይህ ከእውነተኛው መብራት ጥልቀት ጋር ሲነጻጸር የሚያሳፍር አይደለም።

ቀጥሎ አምፖሉን የት ላድርግ ይላል። የጎድጓዳ መስታወት ማእከል፣ ማለትም ብርሃን የሚሰበሰብበት ነጥብ፣ ከኳሱ ራዲየስ ግማሽ ላይ ነው፤ ኳሷ 5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ካላት ከሳህኑ ወለል 2.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ማለት ነው። እውነተኛው መብራት ሳህኑ ፓራቦላ ስለሆነ ማእከሉ ላይ ከተቀመጠ ክር የወጣ ብርሃን ሁሉ ጎን ለጎን ተሰልፎ ወደፊት ይሄዳል፤ ረጅሙ መብራት ማለት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የመጣው ኤች 4 የሚባለው አምፖል በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር የያዘ ነው። የአጭሩ ክር ከማእከሉ ትንሽ ወደፊት ተቀምጦ ከሥሩ በትንሽ ብረት ተከልሏል፤ ስለዚህ የሳህኑን የላይኛውን ግማሽ ብቻ መትቶ ብርሃኑ ወደ መሬት ያጎነብሳል። ሹፌሮች «አጭር አድርግ» ሲባባሉ የሚሆነው ይህ ነው። ልጃችን ከእናቱ ዶቃ ደቃቋን መርጦ በሳህኑ መሐል በቦታዋ ሲያጣብቃት ይህን ሁሉ በጣቱ ይደርስበታል። ዶቃዋ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ብትሆን በእውነተኛው መጠን ሦስት ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከአሥር ሳንቲ ሜትሩ ኤልኢዲ የትና የት!

መስታወቱ ቀረ። ባዶ የክኒን ማሸጊያ አንሡ፤ ክኒኑ የነበረበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ጉብ ብሎ የተዘጋጀ መስታወት ነው። መጠኑ ብዙ ነው፤ ከትንሿ ክኒን እስከ ትልቁ ካፕሱል፣ ከክብ እስከ ሞላላ። በመቀስ ዙሪያውን ይከረክማል። መኪናው የድሮ ከሆነ ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ቀጫጭን መስመር ይጭራል፤ በእውነተኛው መስታወት ላይ ያሉት ሸንተረሮች ብርሃኑን ወደ ጎን ለመበተን የተሠሩ ናቸውና። ከተቃጠለ ዲናሞ የወጣ የመዳብ ሽቦ በዙሪያው ቀለበት ይሆናል፤ የሳህኑን ጠርዝ መሸብሸብም ይደብቃል። ማጣበቂያው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ጭስ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ያደበዝዘዋል፤ የሳምንት ሥራ በአንድ ጠብታ ይበላሻል። አናጺ የሚጠቀምበት ነጭ ኮላ ግን ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ኦፕቲክስ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሚዛን፣ የዕቃ ጠባይ። ከሁለቱ ልጆች የበለጠ የተማረው የትኛው ነው? ዳኛው ግን ወደ ሁለተኛው ልጅ መጥቶ «አይበራም?» ብሎ ይሄዳል።

ዕቃ የለም ለሚለውም መልሱ በዚሁ ውስጥ አልፏል፤ የጠቀስኩት ሁሉ ከጋራዥ ደጅ፣ ከመድኃኒት መሳቢያና ከእናት ሙዳይ የሚገኝ ነው። በፋብሪካ ስለተሠራ ብቻ ይበልጣል የሚል ካለ ደግሞ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ርካሽ የብረት አሻንጉሊት መኪና አንስቶ ፊቱን ይመልከት። መብራቱን የያዘችው ችካል በመስታወቱ መሐል ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች፤ መኪናው ዓይኑ ሞራ የለበሰ ይመስላል። ሳህን የለውም፣ ጥልቀት የለውም፤ ባለ ችካል ላስቲክ ነው። የኛ ልጅ በዶቃና በኩሽኔታ ኳስ ያንን ሊያሸንፍ ይችላል። የሚያሸንፈው ግን በፊት መብራቱ መልክ ነው፤ በባትሪ ከሆነ ቻይና ሁሌ ትቀድመዋለች።

በነገራችን ላይ ይህን ክርክር ከእኛ በፊት የተከራከሩት አሉ። የእንግሊዙ የአሻንጉሊት መኪና አምራች ኮርጊ፣ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ የተሠሩ ትናንሽ መኪኖችን ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሸጥ የነበረው፣ በ1961 ባወጣው ቤንትሌይ ላይ የፊት መብራቱን እንደ ፈርጥ በተቆረጠ አብረቅራቂ ድንጋይ ሠራው። ባትሪ የለም፤ ግን ልጁ መኪናውን ባዞረ ቁጥር ፈርጡ የክፍሉን ብርሃን እየያዘ ይመልሳል። በዚያው በ1960ዎቹ ደግሞ ከኋላ ወይም ከላይ የሚገባውን ብርሃን ጥርት ባለ ፕላስቲክ አሳልፎ ከፊት መብራቱ የሚያወጣ ዘዴ አመጣ። ከኋላው መስኮት ላይ ጣትህን ስታደርግ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ስታነሳው ይፈካል። ብርሃኑ ከሰማይ የተበደረ ነው፤ ድንጋዩ አያልቅም፣ ክሩ አይቃጠልም። የኛ ልጅ ይህንን ጥርት ባለ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ሊሠራው ይችላል፤ ቀፎውን ቆርጦ፣ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ፣ ከሳህኑ ኋላ ወደ ጋቢናው ጣሪያ ቢያወጣው ይፋት ላይ የሚጎድል ፀሐይ የለም። ይህን ብልሃት ያሰበ ልጅ «ይበራል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «አዎ፣ ቀን» ነው። እንዲህ ያለውን መልስ የሚሰማ ዳኛ ግን የት አለ?

ሁለት ሌሎች ተቃዋሚዎች አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። አንዱ «የልጅ ጨዋታ ነው፣ ተዉት፣ ቆርኪውም ይበቃዋል፤ ውበቱ ያለው በጉድለቱ ነው» የሚለው ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከከተማ የመጣ፣ ሽቦ መኪናን ገዝቶ ሳሎኑ የሚሰቅል ሰው ነው። ልጁ ግን ጉድለትን አላቀደም፤ አቅዶ የነበረው አይሱዙን ነው። የልጁን ፍላጎት ንቆ ጉድለቱን ማድነቅ የከበርቴ ጨዋነት ነው፤ ልጁ ፊት ቢነገር ይናደድበታል።

ሌላው ይከብዳል። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ቤትና ሱቅ በእሳት በወደመባት አጣዬ ስለ አሻንጉሊት የፊት መብራት መሟገት አያሳፍርም ወይ ይላል። አያሳፍርም። ልጆች ከዚያ በኋላም ሽቦ አጥፈዋል፤ እኛ የምንወስነው ሥራቸውን በምን ዓይን እንደምናይ ብቻ ነው። ከተማን የሚሠራው አናጺም ግንበኛም በሩ መከፈት መዘጋቱን ብቻ አይቶ «ይበቃል» ካለ፣ መዝጊያው ከመቃኑ ሳይገጥም ይኖራል። ትክክል መሆኑን እስኪያይ አለመርካት ከልጅነት የሚጀምር ጠባይ ነው፤ የሚጀምረውም እንዲህ ባለ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነገር ላይ ነው።

የሚያበራ መብራት አይሠራ አላልኩም። ልጁ ሳህኑን ሠርቶ፣ መስታወቱን አስተካክሎ፣ ውስጡን ጥቁር ቀብቶ ሲያበቃ ከሳህኑ ኋላ በቢጫ ላስቲክ የተሸፈነች ደካማ ኤልኢዲ ቢጨምር እሰየው። ያኔ ብርሃኑ የመብራቱ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ልጁ ከባትሪ ሱቅ አይወጣም፤ በዚህ ዓመት ሁለት መብራት፣ በሚቀጥለው ፍሬቻ፣ ከዚያ ቀይ የኋላ መብራት፣ ከዚያ ሙዚቃ፤ መኪናው ግን ያው ቀዳዳ ያለበት ካርቶን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ትርኢት የምትዳኙ መምህራንና ባለሥልጣናት፣ እጃችሁን ከማብሪያው ላይ አንሡ። ድንጋዮቹን ሁሉ አስወጡና መኪኖቹን መስኮት ዳር ደርድሩ። ሁለት ክንድ ራቁ። ራሳችሁን ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። በፊት መብራቱ ውስጥ አብሮ የሚዞር ነጸብራቅ ያለው መኪና አንደኛ ይውጣ። የኤሌክትሪክ ሥራ ራሱን የቻለ ሽልማት ይኑረው፤ ባለ አምፖሉ ልጅ ለዚያ ይወዳደር፣ ሬዚስተሩንም ያስረዳ። የመኪናውን ሽልማት ግን መኪና ለሠራው ስጡት።